ለጥናት የተጣሉ ጎረቤታሞች

ልጆቼ፣ የሰላም አጥኚ የሚባል ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን ዘመድ ጥየቃ ስዞር ዘንገና ሐይቅ አጠገብ ባለ መንደር ገጠሙኝ። ከየጎረቤት አገሩ ተሰባስበው ስለ ሰላም፣ ስለ ዕርቅና ስለ ሽብር በጋራ ሊያጠኑ የመጡ ናቸው። ደጎች ናቸው፣ አልዋሽም። ችግራቸው ጠብ ካላገኙ ዕርቅን ማጥናት አለመቻላቸው ነው። በዚያ ሳምንት ደግሞ በመንደሩ የተጣላ ሰው ታጣ! እንግዳ ባዶ እጁን ይመለስ?

«እንግዲያው ሁለት ሰው ለጥናቱ ይጣላልን፤ ሽማግሎች ያስታርቁ» አሉ በአስተርጓሚ።

አያ ታምሩና አያ ዓለሙ ተነሡ። አንድ አንድ በሬ ብቻ ስላላቸው አቀናጅተው የሚያርሱ ጎረቤታሞች ናቸው። አያ ታምሩ «ድንበሬን ገፋህ!» አለ፤ ተጨበጨበ። አያ ዓለሙ «ሌባ!» አለው፤ ተጨበጨበ። ጭብጨባው ያሞቀው አያ ታምሩ፣ «በሬህም እንዳንተው ሰነፍ ነው!» አለ።

የአያ ዓለሙ ፊት ጠቆረ። «እኔን ስደበኝ፣ ለጥናት ነው። በሬዬ ምን አደረገህ?» ብሎ በሬውን ነድቶ ሄደ።

አጥኚዎቹ ጠቡን መዝግበው ደስ ብሏቸው ተመለሱ። ዝናቡ መጣ፤ ማሳው ግን ጦሙን አደረ። ሽማግሌ በተላከበት ቁጥር አያ ዓለሙ፣ «ይኸኛው የእውነት ነው ወይስ የጥናት?» እያለ ይመልሳል።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ አስተርጓሚው በባጃጅ ደረሰ። «ዕርቁ ይቆየን፤ አሁን የቀረን ሽብር ነው። ሁለት ፈቃደኛ ሰው...» ሳይጨርስ፣ ሁለቱ ኩርፈኞች ግራና ቀኝ ብብቱን ይዘው ባጃጁ ላይ መልሰው ጫኑት። በማግስቱ በሬዎቹ አብረው ተጠመዱ።

ታዲያ ጥናቱ አልጠቀመም ትላላችሁ?