ኦቾሎኒ የተከለከለበት ሚኒባስ

አውሮፕላን ተሳፍሬ አላውቅም። ይህ ግን ስለ አውሮፕላን አስተያየት ከመስጠት አግዶኝ አያውቅም። ቡታጅራ ውስጥ ኳስ በእግራቸው ሳይነኩ አሰልጣኝ ሲሾሙና ሲሽሩ የሚውሉ ስንት ሰዎች አሉ፤ እኔ ስለ ሰማይ ባወራ ምን ነውር አለው?

ሰሞኑን የማብሰለስለው ጥያቄ ይህ ነው፦ አየር መንገድ ለአንድ ተሳፋሪ ጤና ሲል የሌላውን ተሳፋሪ ምግብ ሊከለክል ይገባል ወይስ አይገባም? ጥያቄውን ይዛ የመጣችው ከአረብ አገር የተመለሰችው እህቴ ናት። አውሮፕላኑ ሊነሳ ሲል አስተናጋጇ በድምፅ ማጉያ፣ «ኦቾሎኒ ክፉኛ የሚያመው መንገደኛ አብሮን ስላለ እባካችሁ ኦቾሎኒ አትክፈቱ» አለች። ገሚሱ እሺ አለ፣ ገሚሱ አጉረመረመ። አንዱማ፣ «እንዲህ ከሆነ ለምን በእግሩ አይሄድም?» አለ ብላ እህቴ እየተንከተከተች ነገረችኝ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ የአራት ዓመት ልጄን ሐያትን አየኋትና ሳቄን ዋጥሁት።

ሐያት ኦቾሎኒ አይስማማትም። አይስማማትም ስል ሆዷን ይነፋታል ማለቴ አይደለም። ከንፈሯ ያብጣል፣ ጉሮሮዋ ይዘጋል፣ ትንፋሽ ያጥራታል። አለርጂ ይሉታል። አንድ ጊዜ ሰርግ ቤት አይተነዋል። ሐኪም ቤት ስንደርስ እኔም እናቷም ጫማ አልነበረንም፤ የት እንደወለቀ እስከ ዛሬ አናውቅም። ሐኪሙ «ሁለተኛ እንዳትነካው» ብሎ ሸኘን።

ስለዚህ አቋሜ ግልጽ ነው፤ ይከልከል። ሰው ለጥቂት ሰዓት ኦቾሎኒ ባይበላ አይሞትም። ልጄ ግን ብትበላ... እናንተ ጨርሱት። እኔ አልጨርሰውም።

ነገር ግን ልብ በሉ፤ አውሮፕላን ውስጥ መከልከል ቀላል ነው። እህቴ እንደነገረችኝ እዚያ ለሁሉም በየፊቱ ትንሽ ሳህን ይቀርብለታል፣ ሁሉም አንገቱን ደፍቶ የራሱን ይበላል፣ አጠገቡ ያለውን «ብላ» የሚል የለም። እኛ ዘንድ እንዲህ የበላ ሰው፣ ወሬው ከሱ ቀድሞ ሰፈሩ ይገባል። ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ተብሎ ያደገ ሕዝብ ነን። መንገድ ላይ ደግሞ ይብስብናል። ከማናውቀው ሰው ጎን ተቀምጠን ሁለት ኪሎ ሜትር ሳንሄድ ወይ ቆሎውን በልተንለታል፣ ወይ ቆሏችንን አስበልተነዋል። ሕፃን ካየንማ የሕፃኑ አፍ የሁላችንም ነው። እንግዲህ እኔን የሚያስፈራኝ የሚበላው ሰው አይደለም። የሚያጎርሰው ነው።

እናቷ ሙኒራ ይህን ነገር ትችልበት ነበር። ለልጇ የተዘረጋውን ኦቾሎኒ ከሰውየው መዳፍ ቀልባ ወደ ራሷ አፍ ትጨምርና፣ «እኔስ ልጅ አይደለሁም?» ትላለች። ሰጪው ይስቃል፣ ልጅቷ ትድናለች። ከዚያ ሙኒራ ቀኑን ሙሉ ልጇን ሳትስም ትውላለች። እሷ እምቢ ስትል ሰው ይስቅ ነበር፤ እኔ እምቢ ስል ሰው ይቀየማል። ሙኒራ ካረፈች ሰባት ወር ሆናት። አሁን እምቢ ባዩ እኔ ብቻ ነኝ።

ባለፈው ሐሙስ ሐያትን ይዤ ወልቂጤ፣ ወደ ሙኒራ ቤተሰቦች ለመሄድ ቡታጅራ መናኸሪያ ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ። መኪናው ሞልቶ ሊነሳ ሲል ኦቾሎኒ ሻጯ በመስኮት ብቅ አለች። ይህቺ ሴት «ግዙኝ» አትልም። «ቅመሱ» ነው የምትለው። የቀመሰ ደግሞ አፍሮም ቢሆን ይገዛል። በደቂቃ ውስጥ የወረቀት ጥቅልል በየእጁ ሆነ። ከጎኔ የተቀመጡት ነጭ ኮፍያ ያደረጉ የመስቃን ሽማግሌ፣ አባባ ነስሩ፣ ጥቅልላቸውን ፈትተው የመጀመሪያዋን ፍሬ ወዴት እንዳመጧት ታውቃላችሁ። ወደ ሐያት አፍ።

እጃቸውን ያዝኩና ተነሳሁ። ማለቴ ጎበጥኩ፤ ሚኒባስ ውስጥ መነሳት የሚባል ነገር የለም።

«ወገን፣ ይቅርታ» አልኩ። «ልጄ ኦቾሎኒ ከቀመሰች ትንፋሿ ይዘጋል። ወልቂጤ እስክንደርስ ባትበሉ።»

ከዚያ ሚኒባሱ ፓርላማ ሆነ።

«ትንሽ ትንሽ እያለች ብትለማመደውስ?» አለች ከኋላ አንዲት ሴትዮ።

«በርበሬ መሰለሽ እንዴ የሚለመድ?» አለ ሾፌሩ።

«እኔ ደግሞ ጨጓራ አለብኝ» አለ ወፍራም ሰውዬ። «በባዶ ሆዴ የዘቢዳርን ተራራ ከወጣሁ የኔም ትንፋሽ ይዘጋል። ለኔስ ማን ይከራከርልኝ?»

ከፊት የተቀመጡት የባዮሎጂ መምህር፣ የጎጃም ሰው ሆነው ቡታጅራን ሲያስተምሩ የሸበቱ፣ ወደ ኋላ ዞሩ። «ወንድሞቼ፣ ይህ ቀልድ አይደለም። ሰውነቷ ኦቾሎኒን የሚያየው እንደ ጠላት ነው።»

«ምን አድርጓት?» አሉ አባባ ነስሩ፣ ከልባቸው አዝነው።

ሾፌሩ ሞተሩን አጠፋ። «በዚህ መኪና ካፒቴኑ እኔ ነኝ። ኦቾሎኒ ክልክል ነው። አለቀ!»

አየር መንገዶቹ ስንት ስብሰባ የሚቀመጡበትን ነገር የኛ ሰው ቁልፍ አዙሮ ጨረሰው። ደስ አለኝ። ደስታዬ ግን ብዙ አልቆየም፤ ምክንያቱም ጨጓራ ያለበት ሰውዬ፣ «የገዛነውስ?» ብሎ ጠየቀ።

«ጣሉት» አልኩ።

ይህን ማለት አልነበረብኝም። ሚኒባሱ ጮኸ። እህል ይጣላል? የአላህ ሲሳይ ይረገጣል? ልጄን ለማዳን የተስማማ ሰው ሁሉ አንዲት ፍሬ ለመጣል አልተስማማም። ለሻጯ እንመልስ ቢባል፣ ሻጯ ሌላ መኪና ላይ «ቅመሱ» እያለች ነው። በመጨረሻ መፍትሔው ከአባባ ነስሩ መጣ።

«ሳንነሳ እንጨርሰው!»

በሙሉ ድምፅ ጸደቀ።

ሐያትን አቅፌ ወረድኩና በመስኮት አየሁ። እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። አንድ መኪና ሙሉ ሰው ለአንዲት ልጅ ሕይወት በመንጋጋው ሲዋጋ! ማንም አያወራም፣ ማንም ቀና አይልም። ጨጓራ ያለበት ሰውዬ የራሱን ጨርሶ የጎረቤቱን ያግዛል፤ «ለሕፃኗ ብዬ ነው» ይላል አፉ ሞልቶ። መምህሩ ሳይቀሩ፣ ሰውነቷ ኦቾሎኒን የሚያየው እንደ ጠላት ነው ያሉት መምህር፣ ጠላትን በእፍኝ እያነሱ ይደመስሳሉ። ሲያልቅ ገለባውን አራገፉ፣ ወንበሩን ጠረጉ፣ ወረቀቱን በፌስታል ቋጥረው ጣሉ። «ግቡ! አንድ ፍሬ የለም!» አሉን። ከንፈራቸው ላይ ጨው ያብረቀርቃል።

አመሰገንኩና ገባሁ። እናንተ ገና አሁን ነገሩ ገብቷችሁ ይሆናል። እኔ አልገባኝም ነበር።

ዘቢዳርን መውጣት ስንጀምር አባባ ነስሩ ሐያትን ማጫወት ያዙ። ስሟን ጠየቋት፣ ነገረቻቸው። ዕድሜዋን ጠየቋት፣ ጣቷን አወጣች።

«እናትሽስ የት አለች?»

«ሞታለች» አለች ሐያት፣ ልክ ስሟን እንደተጠየቀች ሁሉ።

ያን ጊዜ የሆነውን ሳስበው አሁንም ያስቀኛል፤ ያን ጊዜ ግን አላሳቀኝም። «ውይ ልጄን!» የሚል ድምፅ ከፊት ተነሳ፣ ከኋላ ተመለሰ። ከየአቅጣጫው እጅ መጣ። ጉንጯን የሚዳብስ፣ ፀጉሯን የሚያሻሽ፣ ግንባሯን ሊስም አንገቱን ያሰገገ። ሁሉም እጅ ጨውና የኦቾሎኒ ቅባት። ሁሉም ከንፈር እንዲሁ። ሰዎቹ ኦቾሎኒውን አላጠፉትም፤ ፊታቸው ላይ ነው ያዛወሩት። ልጄን ብድግ አድርጌ ከጣራው ጋር አጣበቅኋት። እሷ ጨዋታ መስሏት ትፍለቀለቃለች።

«አትንኳት!» አልኩ። «በልታችኋል! ሁላችሁም በልታችኋል!»

መምህሩ እጃቸውን አዩት፣ ከዚያ ግንባራቸውን መቱ። ሌላውም አንድ በአንድ እጁን ወደ ጉያው ሰበሰበ። አንድ እጅ ብቻ አልተሰበሰበም።

«እሺ፣ አልስማትም» አሉ አባባ ነስሩ። «ልመርቃት ነው። እናቷ የሞተችባት ልጅ አጠገቤ ተቀምጣ ሳልመርቅ ልወርድ ነው እንዴ?»

አገራችንን ለማያውቅ ላስረዳ። የሽማግሌ ምርቃት በቃል ብቻ አይሰጥም። መጨረሻ ላይ እንትፍ እንትፍ አለ። ያለ እንትፍታ የተሰጠ ምርቃት ማኅተም የሌለው ደብዳቤ ነው። እናት ለሌላት ልጅ ምርቃት ሲመጣ ደግሞ ወላጅ ጎንበስ አድርጎ ያቀርባል እንጂ እምቢ አይልም። እምቢ ያለ ሰው እኔ አላየሁም፣ እናንተም አላያችሁም።

«አባባ፣ ዛሬ ይቅር» አልኩ።

«ምርቃትም አለርጂ ነው?»

«ከርስዎ አፍ ዛሬ አዎ።»

ሽማግሌው ፊታቸው ጠቆረ። ሙኒራ ብትኖር እዚህ ላይ አንድ የሚያስቅ ነገር ትል ነበር። እኔ ብፈልግ ብፈልግ አጣሁ።

«አባባ» አልኩ፣ «እናቷን ቀብሬአለሁ። እሷን አይንኩብኝ። ከፈለጉ ይቀየሙኝ።»

ከዚያ አባባ ነስሩ ሾፌሩን፣ «አቁም» አሉት። ተቀይመው ሊወርዱ ነው ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ወረዱም። ነገር ግን ወደ መኪናው ኋላ ዞረው ለራዲያተር የተያዘውን ጀሪካን ውሃ አስወረዱና፣ ልክ ለሶላት እንደሚታጠብ ሰው፣ አንድ ጊዜ ተጉመጠመጡ። ሁለት ጊዜ። ሦስት ጊዜ። አፋቸውን ከፍተው መምህሩ ፊት ቆሙ።

«እስቲ ፍረድ።»

መምህሩ ትንሽ አመነቱ። «ጥርስ መሃል ስብርባሪ ይቀራል፣ አባባ።»

«ያሉኝ ሦስት ናቸው! ና ቁጠራቸው!»

«ታዲያ ያን ሁሉ ኦቾሎኒ በምን በሉት?» አለ ሾፌሩ።

«በትዕግሥት!»

ሚኒባሱ በሳቅ ተናጋ። እኔም ሳቅሁ፤ ሐያትን ግን ከደረቴ አላላቀቅሁም። አባባ ነስሩ ሳቁ እስኪበርድ ጠበቁ። ከዚያ ትኩር ብለው አዩኝ።

«አንተስ? አንተ አለርጂ አለብህ?»

«የለብኝም።»

«ልጅቷን ለሰው ስጥና ጎንበስ በል።»

ችግሩ ለማን እንደምሰጥ ነበር። ሁሉም በልቷል። ያን ጊዜ ከመስኮቱ ጥግ፣ እስካሁን አንድ ቃል ያልወጣት እትዬ ዘሀራ የምትባል ሴት እጇን ዘረጋች። «ለኔ ስጠኝ። ሐሙስ አይደል? ሰኞና ሐሙስ እጾማለሁ፤ ኦቾሎኒውን በእጄም አልነካሁትም።» የተከለከሉት ሁሉ መብታችን ተነካ ብለው ሲጮሁ፣ ማንም ሳይከለክላት የተወችው ዝም ብላ ተቀምጣ ነበር። ሐያትን ሰጠኋት። ጎንበስ አልኩ።

እንዲያ ያለ ምርቃት ተመርቄ አላውቅም። «ኬር ይሁን፣ ሰላም ይሁን! የሄደችዋን አላህ ይዘንላት! ያለችህን ያቆይልህ! እሷን የተሸከመ ትከሻህ አይዛል! እምቢታህን አያሳንስብህ!» ሰው ሁሉ መዳፉን ዘርግቶ አሚን ይላል። ከዚያ ማኅተሙ ወረደ። እንትፍ! ግንባሬ ላይ። እንትፍ! ጉንጬ ላይ። እንትፍ! ሦስት ጥርስ ብቻ ያለው አፍ እንዲህ አድርጎ እንደሚያርስ አላውቅም ነበር።

ቀና ስል መምህሩ ጣታቸውን ቀሰሩብኝ። «አሁን አንተም እንዳትነካት። ተበክለሃል።»

እንዲህ ሆነና ልጄን ከሰው ሁሉ ስጠብቅ መጥቼ፣ የመጨረሻው የተከለከለ ሰው እኔ ሆንኩ። ሐያት እትዬ ዘሀራ ጭን ላይ ጥቂት ተቁለጨለጨችና እንቅልፍ ወሰዳት። ሴትዮዋ ነጠላዋን ጣል አደረገችባት፣ ጀርባዋን ቀስ እያለች መታ መታ አደረገቻት። ሴት ጭን ላይ ስትተኛ ካየኋት ሰባት ወር ነው።

ምርቃት አይጠረግም፤ ስለዚህ ፊቴን አልነካሁትም። በመስኮት የሚገባው የተራራ ነፋስ ቶሎ ሊያደርቀው ይገባ ነበር፤ እሱ ሲያደርቅ ግን ዓይኔ መልሶ ያርሰው ነበር። ወልቂጤ መዳረሻ ጉብሬ ልንደርስ ስንል አባባ ነስሩ ዞር ብለው አዩኝ።

«እስካሁን አልደረቀም?»

«አልደረቀም፣ አባባ።»

«እንግዲያው ጥሩ ምርቃት ነበር» አሉና ፊታቸውን ወደ መንገዱ መለሱ።