ጋሽ ዴልመር የኪስ ሽጉጥ ሲያስመርጡ

ሽጉጥ የሚሸጥበት ከተማ ሁሉ አንድ ጋሽ ዴልመር አለው። ሱቁ የእሱ አይደለም፤ ተቀጣሪም አይደለም፤ ገዝቶም አያውቅም። ግን ባንኮኒው ጫፍ በርጩማ ላይ ተሰይሞ ይውላል፤ የእሱን ቡራኬ ሳይቀበል ዕቃ ይዞ የሚወጣ ደንበኛም የለም። እግዜር ተራሮቻችንን ከሠራ በኋላ እንዲህ ያለውን ሰው ለምን እንደጨመረብን ለብዙ ዓመታት አልገባኝም ነበር።

የእኛው ጋሽ ዴልመር ክሪስሊፕ ዕድሜያቸውን በከሰል ጉድጓድ ውስጥ የጨረሱ፣ የሳንባቸውንም ግማሽ እዚያው ትተው የወጡ ሰው ናቸው። የቀረችውን ግማሽ ለወሬ አዋሏት። ጥቂት ይናገራሉ፤ ሳል ያፍናቸዋል፤ ዓይናቸው ይቀላል። ደንበኛው ይህን ጊዜ «አሁን ነው ማምለጥ» ብሎ ወደ በሩ ሲያይ እጅጌውን ጨምድደው ይይዙታል። ሳሉ ሲለቃቸው ካቆሙባት ቃል ይቀጥላሉ።

ሊቀ ጠበብት ዴልመር የተካኑበት የትምህርት ዘርፍ አንድ ብቻ ነው። ለኪስ የምትሆነው ሽጉጥ የትኛዋ ናት? ትንሿ ሪቮልቨር፣ ያቺ ጥይቷን በክብ ሆዷ ተሸክማ የምትዞረው? ወይስ ጠፍጣፋዋ ባለ ካርታ፣ ጥይቷን እጀታዋ ውስጥ ደርድራ በራሷ የምትጎርሰው? በዚህ ጉዳይ የተናገሩት ቢሰበሰብ የአውራጃችንን ቤተ መጻሕፍት ይሞላል። መልስ ግን ሰጥተው አያውቁም።

ሪቮልቨር ይሻለኛል ያለ ሰው እንዲህ ይባላል። «ይች ሆዳም? ኪስህን ወጥራ ለአገር ታሳብቅብሃለች እንጂ! ኪስ ምስጢር አይችልም ልጄ። ደግሞ ቃታዋ እንደ ግትር በቅሎ ነው። ስትጎትታት እጅህ ይንቀጠቀጥና የምትመታው የጎረቤትህን ላም ነው።»

ሰውየው ተሸንፎ «እሺ፣ ባለ ካርታዋ ትሁን» ሲል ፊታቸው ይጨልማል። «ይችማ የኪስ ጉድፍ ትበላለች። ክሩን፣ የትምባሆ ብናኙን፣ የማስቲካ ወረቀቱን። በክፉ ቀን ስትመዛት ነከሰች፣ አልተኩስም አለች ማለት ነው! ለማቀባበልም ጣት ይጠይቃል። እስቲ ጣትህን አሳየኝ… ይህ ጣት ነው?»

ጡረታ የወጣችው አስተማሪያችን ወይዘሮ ቨርና ቁርጥማት ያጠቃው ጣቷን ይዛ ሄዳ ነበር። ባለ ካርታዋን ማቀባበል አቃታት፤ የሪቮልቨሯንም ቃታ መሳብ አቃታት። ጋሽ ዴልመር ጉዳዩን ሲያሰላስሉ ሰንብተው ከባዘኑ ውሾች ማቆያ አንድ ትልቅ ውሻ አመጡላት። ውሻው እስከ ዛሬ ሌባ አላጋጠመውም። ጋሽ ዴልመርን ግን ደጋግሞ ነክሷቸዋል።

ከሁሉ የከፋው የእንጨቶቹ ነገር ነው። አንዲት ሪቮልቨርና አንዲት ባለ ካርታ ከጥቁር እንጨት በገዛ ቢላዋቸው ጠርበዋል። ክብደታቸው የብረቱን ያህል እንዲደርስ ሆዳቸውን ፈልፍለው እርሳስ አፍስሰውበታል። ገዢ ነኝ ያለ ሁሉ አስቀድሞ እንጨቷን በኪሱ ይዞ መሰንበት አለበት። «እንጨት መሸከም ያልቻለ ብረት አይሸከምም!» ይላሉ።

ቄሳችን ሳይቀሩ ተሸክመዋል። የአንድ ሽማግሌ ቀብር ላይ ባልቴቷን ሲያጽናኑ መሐረብ ሊያወጡ እጃቸውን ኪሳቸው ሰደዱ፤ ባለ ካርታዋ ተከትላ ወጣችና በሬሳ ሣጥኑ ክዳን ላይ «ኳ!» አለች። ሟቹ ከውስጥ ያንኳኳ የመሰላቸው ሁለት ሴቶች ራሳቸውን ሳቱ። ቄሱ «የእንጨት ናት! የእንጨት ናት!» እያሉ ሲምሉ፣ ጋሽ ዴልመር ከኋላ ተነሥተው፣ «ይኸው! ያለ አፎት ትንሸራተታለች ብዬ አልነበረም?» አሉ።

የሱቁ ባለቤት ዋንዳ አብራቸው የተማረች ናት። «ይህ ሰውዬ ያበላሸብኝን ገበያ ሰይጣን አላበላሸብኝም» ትላለች። ግን ብርድ ሲገባ በርጩማቸውን ወደ ማሞቂያው የምታስጠጋው እሷው ናት። ለምን እንደማታባርራቸው ጠይቄያት አላውቅም። እኔም እንደ ሌላው ሰው የእሳቸውን መኪና ደጅ ላይ ሳይ መንገድ የምቀይር ነበርኩ።

እስከዚያ ቅጠል የሚረግፍበት ወቅት ድረስ።

እኔ ላውተን ለአውራጃው ጋዜጣ እንዲህ ባሉ ሰዎች ላይ እያሾፍኩ የምጽፍ ነኝ። በዚያ ዓመት ግን መጻፍ ትቼ ነበር። ልጃችን ትሬሳ ሞታለች። ሱሱን ሐኪም ለጀርባዋ ሕመም ብሎ ባዘዘላት ክኒን ጀመረች፤ መንገድ ላይ በሚሸጠው ጨረሰች። በእኛ ተራሮች ውስጥ ይህን ታሪክ ማስረዳት አያስፈልግም፤ የየቤቱ ነው። እኔና ባለቤቴ ማቪስ ከቀብሩ በኋላ መተያየት አቃተን። እሷ እኔን ስታይ የልጅቷን ዓይን ታያለች፤ እኔ እሷን ሳይ የልጅቷን አገጭ አያለሁ። ከወንዙ ማዶ ኦሃዮ ግዛት፣ እኅቷ ጋ ሄደች። አልተጣላንም። ብንጣላማ መታረቅ ይኖር ነበር።

ቤቱ ለእኔ ብቻ ቀረ። አንድ ዝናባማ ከሰዓት በኋላ ተነሥቼ ዋንዳ ሱቅ ገባሁ።

«ለኪስ የምትሆን ሽጉጥ ፈልጌ ነበር» አልኳት።

ጋሽ ዴልመር ከበርጩማቸው ቀና አሉ። እንደ ልማዳቸው እጃቸውን አፋተጉ። «መልካም! ሪቮልቨር ነው ባለ ካርታ?»

«የትኛዋም ትሁን።»

እጃቸውን ማፋተግ አቆሙ። «የትኛዋም?»

«አዎ፣ ለእኔ ለውጥ የለውም።»

«ለምን ፈለግሃት?»

«ለሌባ።»

«ምን ሊሰርቅህ?»

ቤቴን በሐሳቤ ክፍል በክፍል ዞርኩት። የሚሰረቅ ነገር አጣሁ።

ጋሽ ዴልመር ዋንዳን አዩዋት። እጇን ወደ መስታወቱ ሣጥን ሰድዳ የነበረችው ዋንዳ ሣጥኑን መልሳ ቆለፈችው። «ውይ ላውተን፣ መንግሥት ገዢውን የሚያጣራበት ኮምፒውተር ዛሬ አልሠራም ብሎኛል፤ ያለ እሱ ደግሞ መሸጥ አልችልም» አለች። ኮምፒውተሩ ከጀርባዋ በርቶ ነበር፤ የጀመረችው የቁማር ጨዋታ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

«ለነገሩ አንተም አልተዘጋጀህም» አሉ ጋሽ ዴልመር። «እስቲ ኪስህን ገልብጥልኝ።»

ገለበጥኩት። ቀዳዳ ነበር።

«አምላኬ! ይህን ኪስ ይዞ ሽጉጥ? በሱሪህ እግር ወርዳ ጫማህ ውስጥ ትገባለች እኮ! አውልቅ።»

«ምን?»

«ሱሪውን ነዋ! ከነቀዳዳህ ብለቅህ ነገ ሰው ምን ይለኛል?»

በሌላ ጊዜ ቢሆን ሰድቤያቸው እወጣ ነበር። ለእምቢታ ግን ጉልበት ያስፈልጋል፤ እኔ ደግሞ አልነበረኝም። ሱቁ ጓዳ ውስጥ ብርቱካንማ የአዳኝ ሰደርያ ወገቤ ላይ አሥሬ፣ ባዶ ጉልበቴን ይዤ ጥይት ሣጥን ላይ ተቀመጥኩ። እሳቸው መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው በዓሣ ማጥመጃ ክር ኪሴን መስፋት ጀመሩ። እየሰፉም አስተማሩኝ። ስለ ጉድፍ። ስለ አፎት። ሽጉጥ ያለበት ኪስ ውስጥ ቁልፍ መክተት ስላለው ኃጢአት።

በመካከሉ ቀና ሳይሉ፣ «ትሬሳ ስፌት ትችል ነበር?» አሉኝ።

ከቀብሩ ወዲህ ስሟን በፊቴ የጠራ ሰው አልነበረም። ሰው ሁሉ ሲያገኘኝ ስለ ዝናቡ ነበር የሚያወራኝ።

«የትምህርት ቤቱን የቲያትር ልብስ በሙሉ እሷ ነበረች የምትሰፋው» አልኩ።

«እንግዲያ ይህን ስፌቴን ብታይ ትስቅብኝ ነበር» አሉና ክሩን በጥርሳቸው በጠሱት። «በል እንካ፣ ዛሬ እንጨቷን ሪቮልቨር ይዘህ ሂድ። ነገ ስሜቱን ትነግረኛለህ። አደራ፣ ወንበር ላይ ስትቀመጥ የት ጋ እንደምትቆረቁርህ ልብ በል።»

በማግሥቱ ጠዋት ደጄ ላይ የመኪና ጡሩምባ አምባረቀ። አልተነሣሁም። አላቆመም። ጎረቤት እንዳይሰበሰብ ብዬ ወጣሁ።

«የት ጋ ቆረቆረችህ?»

«አላስተዋልኩም።»

«አላስተዋለም! እንግዲህ ግባና ተቀምጠህ አስተውል።» ባቄላና የበቆሎ ዳቦ ወዳለበት ምግብ ቤት ወሰዱኝ። ወንበር ላይ ስቀመጥ ለማየት ነው አሉ። ሳህኑን ጨርሼ ካልገፋሁ ግን ፈተናው አላለቀም ማለት ነው።

ከዚያ ወዲያ ጡሩምባው ጠዋት ጠዋት ሆነ። የቀኝ ኪስ ሲያልቅ ግራው መጣ። ሱሪው ሲያልቅ የክረምት ካፖርቱ መጣ። «ካፖርት ሌላ ዓለም ነው ልጄ! ሪቮልቨር ኪስ ውስጥ እንዳለች ትተኮሳለች፤ ባለ ካርታዋ ግን ጨርቁን ጎርሳ ትቀራለች።» ዋንዳ ዘንድ ስንሄድ ኮምፒውተሩ ሁልጊዜ እንደታመመ ነው። አንድ ቀን ቤቴ ገብተው የአባቴን የአደን ጠመንጃ ቁም ሣጥን ውስጥ አገኟት። «ውይ፣ ዝገት ጀምሯታል! እኔ ጋ ላቆያት፣ ላጽዳት» ብለው መኪናቸው ላይ ጫኗት። ዝገት አላየሁባትም። ይኸው እስከ ዛሬ እያጸዷት ነው።

ሰለቹኝ። እንዴት አድርገው እንዳሰለቹኝ ልነግራችሁ አልችልም። ነገር ግን መሰልቸት ምንም ካለመሰማት የሚሻል ነገር ነው፤ ይህን ያን ጊዜ አላወቅኩም። ማታ ስተኛ የማስበው በማግሥቱ ስለምመልስላቸው መልስ ሆነ።

አንድ ጠዋት፣ በመጀመሪያው ውርጭ፣ ምግብ ቤቱ ውስጥ ስለ ጉድፍ ሲደጋግሙብኝ ጠረጴዛውን በመዳፌ መታሁት።

«ተሳስተዋል ጋሽ ዴልመር! አፎት ካላት ጉድፍ ከየት ይመጣል? በሳምንት አንዴ ብትጠረግ ምን ትሆናለች? ጠፍጣፋ ናት፤ ኪስ አትወጥርም፤ ጨብጬ ሳያት እጄን ትሞላለች። ባለ ካርታዋ ትሻላለች! በቃ ትሻላለች!»

ሰዉ ሁሉ ዞሮ አየኝ። የጋሽ ዴልመር ሹካ አየር ላይ ቀረ።

«ትመርጣለህ ማለት ነው?» አሉ ቀስ ብለው።

«አዎ፣ እመርጣለሁ!»

«ጎሽ» አሉ። ወደ መስኮቱ ዞሩ። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ ሳላቸው የተነሣ መስሎኝ ውኃ ገፋሁላቸው። ሳል አልነበረም።

ከዚያ ወደ ሱቁ ሄድን። እሳቸው መኪናውን ሲያቆሙ ዋንዳ ብቻዬን አገኘችኝ። ምግብ ቤት የሆነውን ነገርኳት። ባንኮኒውን የምትወለውልበትን ጨርቅ አስቀመጠች።

«ስለ ወንድሙ ስለ ሆበርት ነግሮህ ያውቃል?»

«አያውቁም።»

«ጉድጓዱ ሲዘጋ ሆበርት ከሥራ ወጣ። ሚስቱም ሄደች። አንድ ቀን እዚህ መጣና ለኪስ የምትሆን ፈለገ። 'የትኛዋ?' አለው ዴልመር። 'የትኛዋም ትሁን' አለ። ዴልመር ያን ጊዜ በዕውቀቱ የሚኮራ ሰው ነበር። ሲጋራው ሳያልቅ መረጠለት። እኔ ሸጥኩለት። ሳይውል ሳያድር ቀበርነው።» ጨርቁን አንሥታ የተወለወለውን ባንኮኒ እንደገና ወለወለች። «ከዚያ ወዲህ ለማንም መርጦ አያውቅም። በሕይወት የሚሰነብት ሰው ይጨቃጨቃል ይላል፣ ይቺ ከብዳኛለች፣ ይቺ ቆርቁራኛለች ይላል። የሚፈራው ያልተጨቃጨቀውን ነው።»

ወጣሁ። ጋሽ ዴልመር ሞተሩን ሳያጠፉ መሪውን ይዘው ተቀምጠዋል። ገብቼ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«ነገረችህ?»

«ነገረችኝ።»

«አፏ እኮ አያርፍም» አሉ ጋሽ ዴልመር ክሪስሊፕ። ይህን ያሉት እሳቸው ናቸው። ከዚያ ዞረው አዩኝ። «ያን ቀን የመጣኸው ለሌባ አልነበረም።»

«አልነበረም» አልኩ። ለሰው ስናገረው የመጀመሪያዬ ነው።

ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እጃቸውን ጉልበቴ ላይ አሳረፉ። «ማቪስ ያለችበትን መንገድ ታውቀዋለህ?»

«አውቀዋለሁ።»

«እንግዲያ አሳየኝ።»

እስከ ወንዙ ድልድይ አወሩ። ድልድዩን ተሻግረንም አወሩ። የማቪስ እኅት ደጅ ላይ ስንቆም ከመኪናው ሳልወርድ ቆየሁ። እሳቸው ግን ልክ እንዳላዩኝ የቀበቶ ሽጉጥን ወሬ እያነሡ ይጥሉ ነበር። ምናልባት እንዲያበቁ ብዬ ይሆናል በሩን ከፍቼ የወረድኩት።

ማቪስ በሩን ስትከፍት እጇ ሽንኩርት ሽንኩርት ይሸታል።

«ከስተሃል» አለችኝ።

«አንቺም።»

በትከሻዬ ላይ አሻግራ አየች። «መኪናው ውስጥ ያሉት ማን ናቸው?»

«ጋሽ ዴልመር ናቸው።»

«ሽጉጥ ቤት የሚቀመጡት?»

«አዎ።»

ለምን አብረውኝ እንደመጡ አልጠየቀችም። ትንሽ አየችኝና ገባት መሰለኝ፤ የበሩን እጀታ ጠበቅ አድርጋ ያዘች። «በል ጥራቸው፤ በብርድ አይቀመጡ። ሾርባ አለ።»

ገቡ። ቆባቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው፣ ከትሬሳ ፎቶግራፍ ፊት ለፊት ተቀመጡ። ማቪስ ሾርባ ቀዳችላቸው። ከዚያ ሳይታሰብ ስለ ልጅቷ ማውራት ጀመረች፤ ሕፃን ሳለች እንዴት ጫማ እምቢ እንደምትል፣ ሲዘፍኑላት እንዴት እንደምታለቅስ፣ የመጨረሻ ጊዜ በስልክ ምን እንዳለቻት። የመጨረሻውን እኔም አላውቀውም ነበር። ጋሽ ዴልመር ማንኪያውን አስቀምጠው ሰሟት። ምክር አልሰጡም። ሳላቸው ሲመጣ እንኳ በመሐረባቸው አፍነው ያዙት።

ማቪስ ያን ቀን አብራን አልተመለሰችም፤ የመጣችው በረዶው ሲቀልጥ ነው። ግን ልንሄድ ስንነሣ እስከ በሩ ሸኘችን። ጋሽ ዴልመር እጇን በሁለት እጃቸው ይዘው ትንሽ ቆዩና ምንም ሳይሉ ወደ መኪናቸው ወረዱ። እየተንገዳገዱ ሲሄዱ ከኋላ አየቻቸው።

«በጣም ያወራሉ ሲባል ነበር እኮ የምሰማው» አለችኝ።

«የሰው ሐሜት ነው» አልኳት።