የአማቴ ጉልበትና የመኪናዬ ጣሪያ

አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ደብረ ታቦር ላይ እየኖረ ጣሪያዋ የሚከፈት መኪና የሚገዛ ሰው ጤነኛ ነው ትላላችሁ? ቆይ፣ አትፍረዱ። መጀመሪያ ስሙኝ፣ ከዚያ እንደፈለጋችሁ።

የገዛኋት በሚያዝያ ነው። ሚያዝያን ታውቁት የለ? ሰማዩ ታጥቦ የተሰጣ ነው የሚመስለው። ባሕር ዳር አንድ ሰው ለሙሽራ የሚያከራያት ቀይ መኪና ነበረችው። ጣሪያዋ ቆርቆሮ አይደለም፣ ጥቁር ሸራ ነው። አንዲት ቁልፍ ስትጫኑ ሸራው እጥፍጥፍ ብሎ ይሄድና ከወንበሩ ጀርባ ይተኛል። ከላይ እግዜር፣ ከታች እናንተ። በቃ፣ ልቤ ጠፋ። ከባሕር ዳር እስከ ደብረ ታቦር ንፋሱ ፀጉሬን እያበጠረልኝ መጣሁ። ፀጉሬን ስላችሁ በግራና በቀኝ የቀረችውን ማለቴ ነው።

እኔ መቼም የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። ስንትና ስንት ዓመት ሰሌዳ ላይ ደመና ስስል፣ ቀስት ስሰካ፣ «ይህ አካባቢ ብዙ ዝናብ ያገኛል» እያልኩ ሳስጽፍ የኖርኩ ሰው። ታዲያ መኪናዋን ስገዛ ክረምት የሚባል ነገር መኖሩን እርስት! ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላል ያገሬ ሰው። ተመነጠርኩ።

ሰኔ ሲገባ ጣሪያው ማፍሰስ ጀመረ። መጀመሪያ አንዲት ጠብታ ናት፣ ከሹፌሩ ጎን ባለው ወንበር ላይ። ላብ ይሆናል ብዬ ራሴን አታለልኩ። ሸራ ያልበዋል እንዴ? ሐምሌ ሲመጣ ጠብታዋ ዘመድ አዝማዷን ጠርታ መጣች።

ነገሩ ማንም ሳያውቅብኝ ይቀር ነበር፣ አማቴ ባይኖሩ። አማቴ እትዬ ጥሩወርቅ የሚኖሩት ገሳይ ነው። ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ምላሳቸው ግን ደህና ነው። ሐምሌ ላይ አንድ ቀን እኛ ቤት ላመጣቸው ሄድኩ። መኪናዋ ዝቅ ያለች ናትና እሳቸውን ለማስገባት ሁለት ሰው ፈጀ፤ አንዱ ይደግፋል፣ አንዱ እግራቸውን ያጥፋል። መንገድ ስንጀምር ዝናቡ ወረደ። ጠብታዋ ቀጥ ብላ ማጅራታቸው ላይ አረፈች። በነጠላቸው ጫፍ ጠረጓት። ሁለተኛዋ መጣች። እሷንም ጠረጓት። በሦስተኛዋ ዣንጥላቸውን አነሱና፣ እውነቴን ነው የምላችሁ፣ መኪናው ውስጥ ዘረጉት።

የተዘረጋ ዣንጥላ መኪና ውስጥ ምን ያህል ቦታ እንደሚይዝ ታውቃላችሁ? እኔ አውቃለሁ። ሽቦው ቀኝ ጆሮዬን እየወጋኝ፣ በግራ ዓይኔ ብቻ መንገዱን እያየሁ ከገሳይ ደብረ ታቦር ገባሁ። ከተማው መሀል ሰው ሁሉ ቆሞ ተመለከተን። ተማሪዎቼም አዩ። ቤት ስንደርስ አማቴ ዣንጥላቸውን አጠፉና «ልጄ፣ መኪናህ ደግ ናት። ገሳይ ያለው በቅሎ ግን ጣሪያ አለኝ ብሎ አይዋሽም» አሉኝ።

ባለቤቴ የሺ የእናቷን ነጠላ ጨምቃ ካሰጣች በኋላ ወደ እኔ ዞረች። ነገሩን ባጭሩ ቆረጠችው። እናቷ ከዘመን መለወጫ በፊት ወንዛዬ ወርደው ፍል ውሃ መግባት አለባቸው። ጉልበታቸው አውቶቡስ ላይ መጋፋት አይችልም። ስለዚህ የማደርሳቸው እኔ ነኝ። ሳይረጥቡ ካደረስኳቸው መኪናዋ ትኖራለች፤ ከረጠቡ ትሸጣለች። የሺ ከፈረደች ደግሞ ይግባኝ የለም።

እንግዲህ ቀዳዳ ፍለጋ ገባሁ። ጠብታዋ ከምትወድቅበት በላይ ያለውን ሸራ ሲሊኮን ለቀለቅኩት። በማግሥቱ በሌላ በኩል አፈሰሰ። እዚያም ለቀለቅኩ። ሸራው ሲሊኮን በሲሊኮን ሆነ፤ ውሃው እንደ ልቡ ይገባል። ከየት? መናደዱን ትቼ መገረም ጀመርኩ። ዝናብ ሲጥል ሰው ወደ ቤቱ ይሮጣል፣ እኔ ወደ መኪናዬ ሮጬ እገባና አንጋጥጬ እቀመጣለሁ። ጎረቤቱ ሁሉ «መምህርን ምን ነካው?» ይል ነበር አሉ። ይበል! እኔ ማወቅ የፈለግኩት አንድ ነገር ነው፤ ይህ ውሃ በየት ነው የሚገባው?

አንድ ቅዳሜ አያ ሙላት የሚባሉ ሽማግሌ ከገበያ ሲመለሱ እንዲሁ አንጋጥጬ አገኙኝ። አያ ሙላት ዕድሜያቸውን ሙሉ የሣር ቤት ሲከድኑ የኖሩ ናቸው። ዛሬ አገሩ ሁሉ ቆርቆሮ ሆኖ ሥራ ፈትተዋል። በመስኮት አጎንብሰው «መምህር፣ ምን ትጠብቃለህ?» አሉኝ። «ጠብታ» አልኳቸው። ሲሊኮኑን አዩና ከት ብለው ሳቁ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው የያዝከው አሉኝ። ውሃ በገባበት አይወርድም፤ ሣር ቤት ላይ እንኳ በአንዱ ጎን ይገባና በማገሩ ተንፏቆ በሌላው ጎን ነው የሚንጠባጠበው።

ከዚያ አመድ አምጣ አሉኝ። ሸራውን የሚይዙትን ብረቶች (እሳቸው «ማገር» ነው የሚሏቸው) ከውስጥ በኩል አመድ ቀቧቸው። እኔን ከላይ ውሃ አፍስስ አሉኝ። ጉድ እኮ ነው! ውሃው አመዱ ላይ መንገዱን እያሰመረ መጣ። ከኋላ መስታወቱ ዳር ባለው ስፌት ይገባል፣ በብረቱ ሆድ ሥር ሹልክ ሹልክ ይላል፣ ፊት ወንበር ላይ ይወድቃል። ስንት ወንዝ ካርታ ላይ ያሳየሁ ሰውዬ የገዛ መኪናዬን ወንዝ የሚያሳየኝ አጥቼ ነበር። ደስ ብሎኝ ሽማግሌውን አቀፍኳቸው፤ ሁለታችንም አመድ በአመድ ሆንን።

ነገሩ ስፌት ከሆነ ደግሞ ወደ ድንኳን ሰፊው ወደ ጋሼ እንድሪስ ነው። ጋሼ እንድሪስ ነገር አያበዙም። ስፌቱን በአውራ ጣታቸው ዳበስ ዳበስ አደረጉና አንድ ጥያቄ ጠየቁኝ። «እንዲከፈት ነው የምትፈልገው ወይስ እንዳያፈስ?»

«ሁለቱንም» አልኳቸው።

ራሳቸውን ነቀነቁ። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም አሉ። ሸራው በታጠፈ ቁጥር ስፌቱ ይላላል። ካልታጠፈ ግን ሰም በተቀባ ክር ከዳር እስከ ዳር ጥርቅም አድርገው ይሰፉታል፤ ያን ጊዜ ጠብ ቢል ኃላፊነቱ የእሳቸው ነው። ጨነቀኝ። ሰማይ ለማየት የገዛኋትን መኪና? አዘንኩ፣ ምን እደብቃችኋለሁ። ግን የሺ አለች፤ ፍርዷም አለ። «ይሰፋ» አልኩ።

ተሰፋ። ለሙከራ እኔ ውስጥ ተቀመጥኩ፣ የሺ ከላይ በባልዲ ደፋች። በሙሉ ልቧ ነው የደፋችው፤ ትንሽ ቂም ያለበት አደፋፍ ነበር። ጠብ የሚል የለም! በዚያው ለእናቷ ደወለችና ጣሪያው አሁን አያፈስም አለቻቸው። አማቴ እሺ አሉ። ቀኑንም ራሳቸው ቆረጡ፤ ከዚያ ቀን ወዲህም ወዲያም አልሄድም አሉ። እኔ መቼም እሺ በማለታቸው ብቻ ፈነደቅኩ፣ ለምን ያን ቀን ብዬ አልጠየቅኩም።

ቀኑ ደርሶ ተነሣን። አማቴ ፊት ወንበር ላይ ናቸው። ለእግራቸው እንዲመች ወንበሩን እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ገፍቼላቸዋለሁ። የሰንደዶ ሥራቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ትንሽ ሙዳይ ይሰፋሉ፤ ወስፌውን ይሰካሉ፣ ይነቅላሉ። የሺ ከኋላ ተሸጉጣ እኔን በዓይኗ ትጠብቃለች። አለም ሳጋ ጫካ ጋ ስንደርስ ሰማዩ ዶፉን ለቀቀው። ጣሪያው ላይ ከበሮ ይመታል። ውስጡስ? ደረቅ! ደረቴን ነፋሁ። በመስታወት የሺን አየኋት፣ ፈገግ አለች። መኪናዬ ተረፈች ማለት ነው።

«እማማ፣ እንዴት ነው?» አልኳቸው።

አማቴ መስፋታቸውን አቆሙ። ጣሪያውን አዩ። ወንበሩን በእጃቸው ዳበሱ።

«አያፈስም?»

«ጠብ አይልም!»

«ጭራሽ?»

«ጭራሽ!»

«ምነው ልጄ፣ ምን በደልኩህ?» አሉኝ።

ግራ ገባኝ። ከዚያ ወረዱብኝ። ዛሬ እኮ ጳጉሜ ሦስት ነው፣ ሩፋኤል ነው። ርኅወተ ሰማይ! ሰማይ የሚከፈትበት፣ ዝናቡ ጠበል የሚሆንበት ቀን ነው። አገር ምድሩ ወጥቶ ይጠመቃል። እውነትም መንገድ ዳር አንድ ገበሬ ቆቡን አውልቆ ፊቱን ለዝናቡ ሰጥቶ ቆሟል። እሳቸው በዚህ ጉልበት ዝናብ ላይ መቆም አይችሉም። ታዲያ ቁጭ ብለው የሚጠመቁት የት ነው? የምታፈስ መኪና ውስጥ ነዋ!

«የሺ ተሠራ ስትለኝ መች አመንኩ? ታፈሳለች ብዬ እኮ ነው የመጣሁ! ሰማይ ተከፍቶ ያንተ መኪና ትዘጋ?» አሉ።

ክፈተው አሉኝ። ተሰፍቷል አልኳቸው። የሚከፈት ነው ብለህ አይደል የገዛኸው አሉኝ። ነበር እማማ። መኪናዋን ዳር አቁሜ መስኮት ላውርድልዎት አልኩ፤ ዝናቡ የሚመታው ግን በእኔ በኩል ነው። እንግዲያው እጅዎን እንኳ ያውጡ አልኩ። «የሚያመኝ እጄ ነው?» አሉኝ። የሺን ዞሬ አየኋት። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ትስቃለች።

ዝናቡ ደግሞ ሊያባራ ነው። አማቴ ወደ ውጭ አየት አደረጉና ወስፌውን ከሙዳዩ ነቀሉት። አማተቡ። «በስመ አብ» ብለው ቀና አሉና በጉልበታቸው ትይዩ ጣሪያውን ብስት አደረጉት። ደግሞ ብስት! ሁለት ጉልበት፣ ሁለት ቀዳዳ። ጠበሉ ጠብ፣ ጠብ አለ። ቀሚሳቸውን ከጉልበታቸው ከፍ አድርገው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ፊታቸው እንደዚያ ቀን ሲበራ አይቼ አላውቅም። እኔስ ምን ልበል? አማት ናቸው፣ ጠበል ነው። አብሬ አማተብኩ።

የሺ ፍርዷን አነሳች፤ እናቷ በገዛ እጃቸው ለረጠቡት እኔ አልጠየቅም። ጋሼ እንድሪስ ቀዳዳዎቹን አይተው ልድፈናቸው አሉኝ። አማቴን ያስፈቅዱ አልኳቸው፤ እስካሁን አላስፈቀዱም። ጉልበታቸው ግን በእውነት ተሽሏቸዋል። የሺ ፍል ውሃው ነው ትላለች። እሳቸው መኪናዋ ናት ብለው ለገሳይ ሁሉ አወሩ። ለሚመጣው ሩፋኤል ከአሁኑ ተራ የያዙ አምስት ባልቴቶች አሉ። አንዷን የሚያማቸው ትከሻቸውን ነው፣ አንዷን ወገባቸውን፣ አንዷን ራሳቸውን።

ሁሉም ወስፌ አላቸው።