ሐይቅ የሚያሳየው አልጋ

ሰው የሚተኛው ዓይኑን ጨፍኖ ነው። ይህን ለማወቅ ዩኒቨርሲቲ መግባት አያስፈልግም፤ እኔ ፊደል ከቆጠርኩበት ዳስ ያለፈ የትምህርት ደጃፍ አልረገጥኩም፣ ግን አውቀዋለሁ። እንግዲህ ዓይኑን ለሚጨፍን ሰው መስኮቱ ሐይቅ ቢያሳየው፣ ትራሱ በዝይ ላባ ቢሞላ፣ ጣሪያው በሐር ቢለበጥ ምን ይረባዋል? እንቅልፍ እንደሆነ ሀብታም ደሀ ብሎ አይለይም። ሣር ላይም ይመጣል፣ የአውቶቡስ ወንበር ላይም ይመጣል። ስብከት ላይማ ሳይጠሩት ይመጣል።

እዚህ አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ታዲያ ሰመር በገባ ቁጥር አንድ የማያልቅ ክርክር አለ። ትምህርት ሲዘጋ ወላጅ ሁሉ ልጆቹን ይዞ ወደ መጫወቻ ፓርክ ይነሣል፤ ክርክሩ ግን ስለ ፓርኩ አይደለም፣ የት ይታደር ነው። ግማሹ፣ «ሀይዌዩ ዳር ያለ ርካሽ ሞቴል ይበቃል፣ ክፍል ውስጥ ማን ይውላል?» ይላል። ግማሹ፣ «እዚያው ግቢው ውስጥ ያለውን ሪዞርት፣ ያውም ሐይቅ የሚያሳየውን ካልያዛችሁ ባትሄዱ ይሻላል» ይላል። ሞርስ ሮድ ካለው የሐበሻ ሱቅ በርበሬ ሊገዙ የገቡ ሰዎች በርበሬውን ረስተው በዚህ ሲጨቃጨቁ አይቻለሁ። ጎረቤቴ እትዬ ፋጡማ አንዴ መሀል ገብታ፣ «የምትጫወቱት ከአልጋው ጋር ነው እንዴ?» ብላ ሁሉንም አስቃ ወጣች። እኔም ከፋጡማ ወገን ነበርኩ። ነበርኩ ነው የምላችሁ።

ልጄ ታደሰ ግሮቭ ሲቲ ካለ መጋዘን ሌሊት ይሠራል። ሚስቱ ሂሩት ዋይትሆል ካለ ሱቅ ቀን ትሠራለች። መኪናቸው አንድ ናት። ስለዚህ ባልና ሚስት የሚገናኙት የት መሰላችሁ? ኖርዝላንድ፣ ከአፓርታማችን ፓርኪንግ ላይ። እሱ ሲገባ እሷ ስትወጣ ቁልፍ ይቀባበላሉ።

«ጋዝ ሞልቻለሁ።»

«ሊያ ሳል ቢጤ አላት።»

«እሺ።»

«ቻው።»

በቃ። ዘበኞች ተራ ሲቀያየሩ እንኳ ከዚህ የረዘመ ጨዋታ አላቸው። ከዚያ እሱ ይገባና መስኮቱ ላይ ብርድ ልብስ ሰቅሎ ይጋደማል። ውጭ የሣር ማጨጃው ያጓራል፤ እኔ ሁለቱን ሴት ልጆቹን፣ ማርታንና ሊያን፣ «እሽሽ» እያልኩ በእግር ጣታቸው አስሄዳለሁ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ደግሞ ሶፋው ላይ ቁጭ እንዳለ፣ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ እንቅልፍ ይዞት ይሄዳል። ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳል ይባላል፤ እነዚህ የቀዱት በተለያየ ሺፍት ነው።

አንድ ቀን ሂሩት ከእህቷ ጋር በስልክ ስታወራ ሰማሁ። እንዲያውም እኔ አልሰማሁም፣ ጆሮዬ ነው የሰማው፤ እኔ ሽንኩርት እየላጥኩ ነበር። «ባል ነው ያለኝ ሩምሜት?» አለች። «ፊቱን እየረሳሁት ነው እኮ። ይህን ሰመር ልየውና እወስናለሁ።» በሽንኩርቱ አሳብቤ ዓይኔን ጠረግሁ።

እኔ ምራቴን የማማ ሴት አይደለሁም፤ ቢያንስ ቤት ውስጥ አላማም። ልጄን ግን ለብቻው ያዝኩት።

«ስማ አንተ፣ ቁልፍ ከምትቀበልህ ሴት ጋር አንድ ቀን ቁጭ በል።»

«ምነው እማዬ፣ ነገረችሽ እንዴ?»

«እሷ ምን ትለኛለች? እኔ ነኝ ያልኩህ።»

እሱም የአባቱ ልጅ ነው፤ ወይ ምንም አያደርግ፣ ወይ ሲያደርግ ልክ አያውቅ። ብዙም ሳይቆይ ምን ይዞ ቢመጣ ጥሩ ነው? በሰሜን በኩል፣ ሐይቁ ዳር ካለው ትልቅ መጫወቻ ፓርክ፣ እዚያው ግቢው ውስጥ፣ ስዊት የሚሉትን ክፍል ቡክ አድርጎ መጣ። ዋጋውን አልነግራችሁም። ሲነግረኝ ተቀምጬ ነበር፣ ቆሜ ተገኘሁ። ቁጭ በል አልኩት እንጂ ሐይቅ ግዛላት መች አልኩት!

«እማዬ፣ ነገሩ አልገባሽም» አለኝ። «እሱን ክፍል የያዘ ሰው ጠዋት ሌላው ሳይገባ ፓርኩ ይከፈትለታል። ኧርሊ ኢንትሪ ይባላል። ሰልፍ የለ፣ ምን የለ።»

ለካ ያ ሁሉ ገንዘብ የሚከፈለው አልጋው ላይ ለመተኛት ሳይሆን ከአልጋው ቶሎ ለመነሣት ነው! እንዲህ ያለ ንግድ የመርካቶ ነጋዴ እንኳ አላሰበውም።

ሄድን። መንገዱ በቆሎ ብቻ ነው፤ በቆሎው ሲያልቅ ሐይቁ ይመጣል። ክፍሉ ስንገባ ልጆቹ ጮሁ፣ እኔ እንዳልደነቀው ሰው ፊቴን ቋጥሬ ዞርኩት። ኩራቴን የትም ትቼው አልሄድም። መታጠቢያ ቤቱ የኛን ሳሎን ያህላል። በሩ ላይ ነጭ ካባ ተሰቅሏል፤ ካህን ረስቶት የሄደ መስሎኝ ልሳለመው ምንም አልቀረኝም። ባልና ሚስቱ ትልቅ አልጋ ያለበትን ውስጠኛውን ክፍል ያዙ፣ እኔና ልጆቹ ሶፋውና ተደራራቢ አልጋው ያለበትን። ልጄ ግን ሐይቁንም ካባውንም አላየም። ያየው መጋረጃውን ነው። ወፍራም ነው፣ ሲስቡት ቀኑ ድርግም ብሎ ይጠፋል። ሳበው፣ ከፈተው፣ እንደገና ሳበው። «ሂሩቴ፣ ነይ እስቲ እይው» አላት። እሷም ሄዳ አየችው። ሁለት ትልልቅ ሰዎች ቆመው መጋረጃ ሲያዩ እኔ ዳቦ እየቆረስኩ በልቤ «አምላኬ፣ በዚህ ዋጋ መጋረጃ ያያሉ» አልኩ።

ሲነጋ ልጆቹ ለብሰው፣ የፓርኩን አምባር እጃቸው ላይ አስረው ቆመዋል። ማርታ ትልቋ ናት፤ ምላሷ ወደኔ ነው የሄደው፣ ቋንቋዋ ግን ወደ አሜሪካ። ሊያ ገና ኪንደርጋርተን ናት። የውስጠኛውን በር በጥቂቱ ገፋ አድርጌ አየሁ። ጨለማ ነው። ታደሰ አፉን ከፍቶ፣ ሂሩት ፀጉሯ ተበታትኖ፣ አንድ እጇ የሱን ቲሸርት እጅጌ ጨምድዶ፣ ሁለቱም ጭልጥ ብለዋል። እነዚህ ሁለት ሰዎች ባንድ ጊዜ ተኝተው ያየሁበትን ቀን ላስታውስ ብዬ አቃተኝ።

በዚህ መሀል የሂሩት ስልክ ሶፋው አጠገብ ቻርጅ ላይ እንደተሰካ መጮህ ጀመረ። አላርም ነው። የሌላ ሰው ስልክ እንዴት ዝም እንደሚባል ማን አስተማረኝ? ትራስ ከተትኩበት፣ ጮኸ። ተቀመጥኩበት፣ ከሥሬ ጮኸ። ማርታ እየሳቀች ጎትታ አወጣችና በጣቷ ነካ አድርጋ ገደለችው።

«ግራንድማ፣ ዊ ሃቭ ቱ ጎ!» አለች ወደ ውስጠኛው በር እየሄደች። «ኧርሊ ኢንትሪ! ዳዲ ከፍሎበታል!»

«ቁሚ!» አልኳት። «እንቅልፉስ? እሱስ አልተከፈለበትም?»

«ማንም ሰው ቬኬሽን ላይ አይተኛም።»

«አባትሽ ሌላ የት ይተኛ?»

ማርታ በሩን ትታ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። የሊያ ከንፈር ግን መንቀጥቀጥ ጀመረ። ልጅ ካለቀሰች አባት ይነቃል፤ አባት ከነቃ ያው ሩጫ ነው፣ አንዱ ውሃ ሊገዛ፣ አንዱ ሰልፍ ሊይዝ፣ አሁንም ተራ በተራ። ሂሩት ደግሞ «ልየውና» ያለችው ሰመር እያለቀ ነው። ምን ላድርግ? ነጠላዬን አጣፋሁ፣ «አትረብሹ» የምትለዋን ካርድ ማርታ ከበሩ ውጭ አንጠለጠለች፣ ሦስታችን እንደ ሌባ ወጣን።

እስቲ ልብ በሉ፤ እኔ እንግሊዝኛ የልጆቹን እሰማለሁ እንጂ የምናገረው «ሃይ» እና «ቱ ማች» ብቻ ነው። ግን አንዷ ልጅ አስተርጓሚዬ፣ አንዷ ልጅ ሻንጣዬ ሆና ገባን። አየሩ ጩኸት ብቻ ነው። ሰማይ ላይ በተጠመጠመ ሐዲድ ሰው ቁልቁል ይወረወራል፣ ይጮሃል፣ ከወረደ በኋላ እየሳቀ ተመልሶ ይሰለፋል። እኛ ነፍሳችንን ለማዳን ስንት እንለፋለን፣ እነዚህ ነፍሳቸው እንድትወጣ ይከፍላሉ።

ሊያ የፈለገችው ትንሿን ባቡር ነው፤ ዘንዶ የምትመስል፣ አረንጓዴ፣ ጥርሷ የገጠጠ። በሩ ላይ የቆመው ወጣት ቁመቷን በዱላ ለካና ራሱን ነቀነቀ። ከአዋቂ ሰው ጋር ካልሆነ አትሳፈርም። ማርታ ገና አዋቂ አይደለችም፣ ምንም እንኳ ራሷ ባትስማማም።

«አይ ዋንት ዳዲ» አለች ሊያ።

ዳዲ ተኝቷል። ወጣቱ ወደኔ አየ፣ ማርታ ወደኔ አየች፣ ከኋላ የተሰለፈው ሕዝብ ወደኔ አየ።

«ግራንድማ፣ ዩ ካን ዱ ኢት» አለች ማርታ።

«በዚህ ዕድሜዬ ዘንዶ ልጋልብ?»

«ወይ አንቺ፣ ወይ ዳዲን እንቀስቅሰው።»

ምላሷ ወደኔ ሄዷል ያልኳችሁ ለዚህ ነው።

ጋለብኩ። ብረቱን ደረቴ ላይ ጫኑብኝ፣ ነጠላዬን በጥርሴ ያዝኩ። ዳገቱን ስንወጣ ገብርኤልን ጠራሁ፣ ጫፉ ላይ ስንደርስ ኪዳነ ምሕረትን፣ ቁልቁል ስንወረወር ሁሉንም ባንድ ላይ። የሁሉም ስም መሀል ላይ ተቆርጦ ቀረ እንጂ አንዱንም አልጨረስኩም። ስንቆም ነጠላዬን ከጥርሴ ሳላላቅቅ ሊያ እጇን አጨብጭባ «አጌይን!» አለች። ታዲያ ምን ልበላችሁ፣ ውሸት አልችልም፤ እኔም እንደገና ለመሳፈር ያን ያህል ልመና አላስፈለገኝም።

ፀሐይዋ ስትበረታና ሊያ ሽንት ቤት ስትል ወደ ክፍላችን ተመለስን። ማርታ የመክፈቻውን ካርድ በሩ ላይ ልታስነካ ስትል ከውስጥ ድምፅ ሰማሁና እጇን ያዝኩት።

«ለምን አልቀሰቀስከኝም?» ትላለች ሂሩት። «ልጆቹስ የት ናቸው? ቀኑ እኮ አለቀ!»

«ከእማዬ ጋር ናቸው፣ ማርታ ቴክስት አድርጋልኛለች። አንቺስ ለምን አልቀሰቀስሽኝም?»

«እኔማ ሁሌ ነው የምቀሰቅሰው! አንተን ለሥራ፣ ልጆቹን ለትምህርት። እኔን ማን ይቀሰቅሰኛል? ኮል ሳደርግልህ ‹ብሬክ ላይ አይደለሁም› ነው መልስህ።»

«ሌሊቱን ሙሉ ካርቶን የምሸከመው ለማን መሰለሽ?»

«ለማን ነው? ንገረኛ! አንድ ቀን እንኳ ከአፍህ ልስማው!»

እዚህ ላይ እጄ የበሩ እጀታ ላይ ነበር። አስተዳደጋችንን ታውቁታላችሁ፤ ባልና ሚስት ድምፃቸውን ከፍ ሲያደርጉ እናት በር ላይ አትቆምም። ገብቼ «ተው አንተ፣ ተይ አንቺም» ልል፣ እሱን ልቆጣ፣ እሷን ላባብል፣ ሁለቱንም ትከሻ ለትከሻ አስሜ እርቅ ላወርድ አንደበቴ ተዘጋጅቶ ነበር። በዚህ ጉዳይ ታዋቂ ነኝ፤ ያስታረቅኋቸው ሰዎች ብዙ ናቸው። ሁሉም አብረው አሉ አልልም።

ግን ቆም ብዬ ሰማሁ። ከተጋቡ ወዲህ እንዲህ ያለ ረጅም ንግግር በመካከላቸው ሰምቼ አላውቅም። እሷ ትናገራለች፣ እሱ ይመልሳል። እሱ ይናገራል፣ እሷ ትመልሳለች። ሰዓት የሚያይ የለ፣ ቁልፍ የሚጠይቅ የለ። ከዚያ መጋረጃው ሲከፈት ሰማሁ።

«ጉንጭሽ ላይ» አለ ልጄ ቀስ ብሎ፣ «የትራስ ምልክት አለ።»

«የት?»

«እዚህ ጋ። እንደ ካርታ ሆኗል።»

ሂሩት ሳቀች። ቀጥላ አለቀሰች መሰለኝ። ቀጥላ ደግሞ፣ «ርዕስ አትቀይር፣ ገና አልጨረስኩም!» አለችው።

«ጨርሺ። እየሰማሁ ነው።»

እጄን ከእጀታው ላይ አነሣሁ። እርጎ ውስጥ ዝንብ ሆኖ መግባት ለኔ ዓይነቱ ሴት አይመጥንም።

ማርታ ዓይኗን አፍጥጣ፣ «ግራንድማ፣ አር ዘይ ፋይቲንግ?» አለችኝ።

«አዎ» አልኳት። «እግዚአብሔር ይመስገን።»

ልጅቷ «አያቴ አበደች» ብላ እንዳሰበች ከፊቷ አነበብኩት። ሊያን ታች ሎቢው ካለው ሽንት ቤት ወሰድናት፣ አይስክሬም ገዛንላት፣ ገና ስላልወረዱ ሌላ ገዛንላት። ሲወርዱ ሁለቱም ዓይናቸው አብጦ ነበር፤ በእንቅልፍ ይሁን በሌላ እኔ አልጠየቅሁም። ሂሩት አጠገቤ ቁጭ አለችና፣ «እማዬ፣ ምነው ሳይቀሰቅሱን? ኧርሊ ኢንትሪው እኮ ተቃጠለ!» አለችኝ።

«አልተቃጠለም» አልኳት። «እኔ ጋልቤበታለሁ።»

አላመነችኝም። ማርታ በስልኳ ያነሳችውን ቪዲዮ ስታሳያት ግን ከወንበሩ ልትወድቅ ምንም አልቀራትም፤ ልጄም አንዴ እኔን፣ አንዴ ስልኩን እያየ ሳቀ። ስቀውብኝ አያውቁም፣ አልፈቅድማ። ያን ቀን ፈቀድኩ።

ወደ ኮሎምበስ ስንመለስ ልጆቹ ተኝተዋል፣ እኔም ከኋላ ሆኜ የተኛሁ መስያለሁ። ከፊት ሁለቱ ይከራከራሉ።

«በሚቀጥለው ሰመር ርካሹን ሞቴል ነው የምንይዘው» ትላለች ሂሩት። «ሐይቁን መች አየነው? እውነት እንነጋገር፣ ያን ዋጋ አያወጣም።»

«ያንኑ ክፍል ነው የምንይዘው» ይላል ታደሰ። «መጋረጃው ብቻውን ያወጣዋል።»

«መጋረጃ እኔ እገዛልሃለሁ!»

«እንደሱ ያለ የት ታገኛለሽ?»

እኔን አልጠየቁኝም፤ ቢጠይቁኝም ጥርት ያለ መልስ አልነበረኝም። እናንተም ብትጠይቁኝ ያው ነው፤ ሄዳችሁ እዩት። ሂሩት ስለሚቀጥለው ሰመር አፏን ሞልታ ስትከራከር ሰምቻለሁ፣ እሱ ይበቃኛል። ክርክሩን ደግሞ ዛሬ ካልጨረሱት ብዬ አልቸኩልም፤ አንድ ዓመት ሙሉ አላቸው።