«አልሸጥም» ለማለት ስንት ቃል ይበቃል?

[የአናጢው ሱቅ። ከደንበኞች ዕቃ ተለይታ፣ ክንዷ የተላላጠ አሮጌ ወንበር መስኮቱ ሥር ተቀምጣለች። ጎረቤቱ አስተርጓሚው የሥራ ጠረጴዛው ላይ ወጥቶ እግሩን ያወዛውዛል። አናጢው መላጊያውን እንደያዘ ቆሟል። ከጠዋት ጀምሮ አንድ እንጨት አልነካም፤ እንግሊዝኛ እየተማረ ነው።]

አስተርጓሚው፦ ቃሏን ያስቀመጧት ያለቦታዋ ነው አልኩዎት እኮ፣ ጋሼ!

አናጢው፦ ቃል ናት ወይስ ቁም ሳጥን? የትም ብትቀመጥ ያው አይደለችም?

አስተርጓሚው፦ አይደለችማ! እንግሊዝኛ ተናጋሪ «በእውነት»ን ከ«አይደለም» ካስቀደመ፣ ቆርጧል ማለት ነው። ካስከተለ ግን «እንጃ፣ እምብዛም» ማለቱ ነው። እርስዎ አስከትለው ልትገዛ የመጣችውን ፈረንጅ ሴትዮ «ወንበሯን እምብዛም አልሸጥም» አሏት።

አናጢው፦ እምብዛም አልሸጥም ብዬ ምኗን ልሸጥላት ነው? አንድ እግሯን?

አስተርጓሚው፦ ይኸው ለዚህ ነው ዋጋ ጨምራ የተመለሰችው!

አናጢው፦ ራሴንም እኮ ነቅንቄ ነበር።

አስተርጓሚው፦ ራስ መነቅነቅ የቋንቋ ችሎታ ቢሆን ኖሮ እኔ ሥራ አይኖረኝም ነበር። በሉ እንለማመድ፤ እኔ ሴትዮዋ ነኝ። [ከጠረጴዛው ወርዶ፣ ሱሪውን እንደ ቀሚስ ሰብስቦ] «ወንበሯን ይሸጡልኛል?»

አናጢው፦ አልሸጥም።

አስተርጓሚው፦ ባዶውን? ያለ ምንም ማጠናከሪያ?

አናጢው፦ ሚስማር ልምታበት?

አስተርጓሚው፦ «በፍጹም» ይጨምሩ። ከፊት!

አናጢው፦ በፍጹም አልሸጥም።

አስተርጓሚው፦ «ከቶ»ንም።

አናጢው፦ በፍጹም… ከቶ… ልጄ፣ ሰው እየሸኘሁ ነው ወይስ እየረገምኩ?

አስተርጓሚው፦ ይመኑኝ እንጂ! ሴትዮዋን ቋንቋችንን ያስተማርኳት እኔ አይደለሁም? ልቧን አውቀዋለሁ።

[በር ላይ የጭነት መኪና ቆመ። ሴትዮዋ ሁለት ተሸካሚዎች አስከትላ ገባች።]

አናጢው፦ [በተማረው እንግሊዝኛ] በእውነት አልሸጥም! በፍጹም አልሸጥም!

[ሴትዮዋ ፈገግ ብላ ዋጋ ጨመረች።]

አስተርጓሚው፦ [በሹክሹክታ] «ከቶ»! «ከቶ» ይበሉ!

አናጢው፦ ከቶ!

[ሴትዮዋ የበለጠ ፈገግ አለች፤ እንደገና ጨመረች። ተሸካሚዎቹንም በዓይኗ ጠቀሰቻቸው።]

አናጢው፦ አንተ ልጅ፣ ባጠናከርኩ ቁጥር ዋጋው እያደገ ነው!

ሴትዮዋ፦ [በእነሱው ቋንቋ፣ ጥርት አድርጋ] አይጨነቁ ጋሼ፣ ገብቶኛል። እዚህ ሰው እንቢ ሲል እየተግደረደረ ነው። እንቢታው በበረታ ቁጥር እሺታው ቀርቧል። መምህሬ ነው ያስተማረኝ።

አናጢው፦ [ቀስ ብሎ ወደ አስተርጓሚው ዞሮ] መምህሯ ማን ነበር ያልከኝ?

አስተርጓሚው፦ እኔ… ስለ ምሳ ግብዣ ነበር ያስተማርኳት።

[ተሸካሚዎቹ ወንበሯን ከመሬት አነሷት። አናጢው መላጊያውን አስቀመጠ። ድምፁን ከፍ አላደረገም።]

አናጢው፦ እመቤት፣ ባለቤቴ የምትቀመጥባት ወንበር ናት። እኔ ስሠራ እሷ እዚያ ሆና ታጫውተኝ ነበር። አምና አረፈች። አልሸጥም።

[ተሸካሚዎቹ ማንም ሳያዛቸው ወንበሯን መልሰው አስቀመጧት። ትንሽ ጠማ ብላ ነበርና አናጢው ወደ መስኮቱ አቀናት።]

ሴትዮዋ፦ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ነፍስ ይማር። [ወደ አስተርጓሚው ዞራ] ደግነቱ አንተን ወዲያው አምኜሃለሁ።

አስተርጓሚው፦ ምኑን?

ሴትዮዋ፦ ቢሮዬ ገብተህ እንድትሠራ ስጠይቅህ «በፍጹም አልፈልግም» አልከኝ፤ ያውም በእንግሊዝኛ። እንዳንተ ያለ አዋቂ ቃሉን ያለቦታው አያስቀምጥም ብዬ ሥራውን ለሌላ ሰው ሰጠሁት።

አስተርጓሚው፦ ለሌላ?! እኔ እኮ… እኔ እኮ እስኪደግሙልኝ እየጠበቅሁ ነበር!

ሴትዮዋ፦ እኛ ዘንድ አይደገምም። ደህና ዋሉ ጋሼ።

[ወጣች፤ መኪናው ባዶውን ሄደ። አስተርጓሚው ወደ ኋላ እየዳበሰ መቀመጫ ፈለገ፤ እጁ የተላላጠ ክንድ አገኘ።]

አናጢው፦ ቁጭ በል ልጄ፣ ቁጭ በል። [ፈጠን ብሎ] እሷ ላይ ግን አይደለም።