ቢሮ ግቡ ተባሉ

ሮድኒ እና ቨርን ኦማሃ ከተማ ውስጥ በአንድ የመድን ድርጅት አብረው ይሠራሉ። ለዓመታት ከየቤታቸው ሲሠሩ ኖረው፣ “በሳምንት ሦስት ቀን ቢሮ ግቡ” የሚል ትእዛዝ ከወጣ ዓመት ሊሞላው ነው። ሮድኒ ከዚህ ትእዛዝ የሚያመልጥበትን ብልሃት ከማንም ይበልጥ ያውቃል፤ ቢያንስ ራሱ እንደሚለው። ቨርን ደግሞ አንድ ነገር ሁለት ጊዜ ካልተነገረው አይገባውም። ማክሰኞ ጠዋት ነው፤ ሦስት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ቀርቶታል። ሰማንያ ወንበር በተደረደረበት ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ከሁለቱ በቀር ሰው የለም፤ እነሱም በአንድ ወንበር ይጨቃጨቃሉ።

ሮድኒ፦ ተነስልኝ አልኩህ። ወንበሩ የኔ ነው።

ቨርን፦ (ዙሪያውን እያየ) ሰባ ዘጠኙስ የማነው?

ሮድኒ፦ የማንም አይደለም።

ቨርን፦ እንግዲያው እዚያ ተቀመጣ።

ሮድኒ፦ አልያዝኳቸውማ። ትናንት በስልኬ የያዝኩት አስራ አራት ቁጥርን ነው፤ ለአሳንሰሩ ቅርብ ነው። አሁን ወንበር የሚያዘው እንደ ሆቴል አልጋ ነው። ስንቴ ልንገርህ?

ቨርን፦ የሆቴሉ ትራስ አለው።

ሮድኒ፦ (በረጅሙ ተንፍሶ) እሺ፣ ተቀመጥ። ለመሆኑ በዚህ ማለዳ ምን ልትሠራ መጣህ?

ቨርን፦ ሥራ።

ሮድኒ፦ እዚህ?

ቨርን፦ ቢሮ አይደል እንዴ?

ሮድኒ፦ ቨርኔ፣ ወንድሜ፣ ስማኝ። ቢሮ የሚመጣው ለመታየት ነው። እኔን እይ። ካርዴን በሩ ላይ አስነካለሁ፣ ጢው ይላል፣ “ገባ” ተብሎ ይመዘገብልኛል። ቡና እቀዳለሁ። አንድ ሰው እንዲያየኝ አደርጋለሁ። ከዚያ ቡናዬን ይዤ ውልቅ። አስራ ሁለት ደቂቃ።

ቨርን፦ ዛሬ ማን አየህ?

ሮድኒ፦ አንተ።

ቨርን፦ እኔንስ?

ሮድኒ፦ እኔ።

ቨርን፦ አንተ ከሄድክ በኋላ ግን የሚያየኝ የለም።

ሮድኒ፦ ከሄድኩ በኋላማ አንተም ትሄዳለህ። ምን ነካህ?

ቨርን፦ የምትመጣው ከሊንከን ከተማ አይደል?

ሮድኒ፦ ከሊንከንም ወዲያ ነው። መንገዱ ሲጨናነቅ አንድ ሰዓት ከሩብ ይፈጃል።

ቨርን፦ መምጫው አንድ ሰዓት ከሩብ። መመለሻው አንድ ሰዓት ከሩብ። መሃሉ ላይ አስራ ሁለት ደቂቃ።

ሮድኒ፦ አዎ።

ቨርን፦ (ትንሽ አስቦ) መቼ ነው ታዲያ የምትተኛው?

ሮድኒ፦ እሱን ተወው። ዋናው መሸወዳቸው ነው።

ቨርን፦ ማንን?

ሮድኒ፦ ድርጅቱን ነዋ።

ቨርን፦ መኪናው የማነው?

ሮድኒ፦ የኔ።

ቨርን፦ እሺ። እንዲገባኝ እየሞከርኩ ነው።

ሮድኒ አንገቱ ስር ሙቀት ተሰማው። ቨርን እንዲህ በቀስታ ሲጠይቀው ሁልጊዜ የሚሰማው ነው። ዛሬም ጨለማው ሳይገፈፍ ነው የተነሳው፤ ሴት ልጁን ትምህርት ቤት የምታደርስለት ጎረቤቱ ናት፤ ልጁን ቁርሷን ስትበላ እንኳ ካያት ሰንብቷል። ይህን ግን ለቨርን አይነግረውም።

ሮድኒ፦ ገና መች ነገርኩህ። ቤት ስሆን ደግሞ “ሥራ ላይ ነው” የምትለዋ አረንጓዴ መብራት እንዳትጠፋ፣ ማውሱን የሚያነቃንቅ ማሽን ገዝቻለሁ። እኔ ስተኛ እሱ ይሠራል።

ቨርን፦ ጎበዝ ነው። እሱስ በሳምንት ሦስት ቀን ቢሮ አይገባም?

ሮድኒ፦ ማን? ማሽኑ?

ቨርን፦ ሥራውን የሚሠራው እሱ ከሆነ ብዬ ነው።

(ሁለቱም ኮምፒውተሮች በአንድ ጊዜ ይጮኻሉ። የሦስት ሰዓቱ ስብሰባ ነው። ሮድኒ ወንበር ስቦ ከቨርን ጎን ይቀመጣል። ሮድኒ ይህን ስብሰባ ሁልጊዜ የሚሰማው መኪናው ውስጥ እየነዳ ነበር፤ ዛሬ የወንበሩ ክርክር አዘግይቶታል። ስክሪኑ ላይ አለቃቸው ወይዘሮ ማርሊስ ብቅ አለች። “ቢሮ ግቡ” የሚለውን ደብዳቤ የፈረመችው እሷ ናት። ከጀርባዋ መዋኛ ገንዳ ይታያል።)

ማርሊስ፦ እንደምን አደራችሁ። ድምፄ ለምንድን ነው ሁለት ጊዜ የሚመጣብኝ?

ቨርን፦ ጎን ለጎን ስለተቀመጥን ነው፣ ወይዘሮ ማርሊስ።

ማርሊስ፦ ማን ቤት ናችሁ?

ቨርን፦ ቢሮ።

ማርሊስ፦ የምን ቢሮ?

ቨርን፦ የኛ።

ማርሊስ፦ እንዴት ደስ ይላል። እኔ እኮ ሁሌ የምለው ይሄንኑ ነው፤ በአካል መገናኘትን የሚተካ ነገር የለም።

ቨርን፦ እርስዎስ የት ነዎት?

ማርሊስ፦ አሪዞና። የኔ ጉዳይ ለየት ያለ ነው።

ሮድኒ፦ (በሹክሹክታ) ዝም በል አንተ።

ማርሊስ፦ ሮድኒ፣ አለህ ለካ። እኔም ስፈልግህ ነበር። የዚያ ፎቅ በር ይበላሻል እንዴ?

ሮድኒ፦ በሩ? እ... አዎ፣ አንዳንድ ቀን ያስቸግራል።

ማርሊስ፦ ጠርጥሬ ነበር። አንተ በገባህ በአስራ ሁለተኛው ደቂቃ “ወጣ” ብሎ ይመዘግባል። ወሩን ሙሉ እንዲያ ነው። ሁለት ጊዜ ባለሙያ ልኬ አስፈተሽኩት፤ በሩ ምንም አልሆነም አሉኝ።

ሮድኒ፦ (ድምፁ ቀጥኖ) ሲወጡም ይመዘግባል?

ማርሊስ፦ ድሮስ?

(ቨርን ጓደኛው ሲጨነቅ አይቶ ሊረዳው ፈለገ።)

ቨርን፦ ቡናውን ይዞ ስለሚወርድ ነው፣ ወይዘሮ ማርሊስ።

(ሮድኒ በጠረጴዛው ስር እግሩን ረገጠው።)

ማርሊስ፦ ቡናውን ይዞ የት?

ቨርን፦ ሊንከን።

ሮድኒ፦ ይቀልዳል። ቨርን ቀልድ ይወዳል።

ማርሊስ፦ ቨርን ቀልዶ አያውቅም። ሮድኒ፣ ስማኝ። ከዛሬ ጀምሮ ማክሰኞ፣ ረቡዕ እና ሐሙስ ስምንት ስምንት ሰዓት እዚያው ትውላለህ። አንድ ቀን ብታጎድል ጉዳይህ ወደ ሠራተኛ አስተዳደር ያልፋል፤ እነሱ ጋ ከደረሰ ደግሞ እኔ ላድንህ አልችልም። ተግባብተናል?

ሮድኒ፦ ተግባብተናል። ቨርንስ?

ማርሊስ፦ ቨርን ምን ሆነ?

ሮድኒ፦ እሱም ስምንት ሰዓት ነው?

ማርሊስ፦ ቢሮ የሚገቡት ሰዎች ዝርዝር ላይ የቨርን ስም የለም። እኔም ግራ ገብቶኛል። ቨርን፣ እዚያ ምን ታደርጋለህ? አንተ እኮ የተመዘገብከው ለዘለቄታው የቤት ሠራተኛ ተብለህ ነው።

ቨርን፦ አዎ። ሳህንም አጥባለሁ።

ማርሊስ፦ በሉ ደህና ዋሉ። ውሃው ሳይሞቅ... ሌላ ስብሰባ አለብኝ።

(ስክሪኑ ይጠፋል። ሮድኒ ወንበሩን ወደ ቨርን ያዞራል።)

ሮድኒ፦ ማነው አንተን ቤትህ ሁን ያለህ?

ቨርን፦ አንተ።

ሮድኒ፦ እኔ መቼ?

ቨርን፦ በመጋቢት። በኮምፒውተር ደብዳቤ መጥቶልን አልነበር? “ለዘለቄታው ከቤት መሥራት የሚፈልግ አለ?” የሚል። ወጥመድ ነው፣ እፈልጋለሁ ያለ መጀመሪያ የሚባረረው እሱ ነው፣ ቶሎ አጥፋው አልከኝ።

ሮድኒ፦ ብዬሃለሁ። እኔም ያኔውኑ አጥፍቼዋለሁ።

ቨርን፦ እኔ ማጥፋቱ አቃተኝ። ብፈልግ ብፈልግ ማጥፊያው የለም። ያለው “አዎ” የሚል ትልቅ አረንጓዴ ነገር ብቻ ነው። እሱን ስነካው ከፊቴ ጠፋልኝ።

ሮድኒ፦ ጠፋልህ።

ቨርን፦ በማግስቱ “እንኳን ደስ አለህ” የሚል መጣ። ምን ማለት እንደሆነ ልጠይቅህ ፈልጌ ነበር፤ አንተ ግን ወርደህ ነበር።

ሮድኒ፦ (ፊቱን በሁለት እጁ እያሸ) አሁን ብጠይቅስ? አሁን ብጽፍላቸው?

ቨርን፦ ጠይቄልህ ነበር። በሚያዝያ ተዘግቷል አሉኝ። እንዳትናደድ ብዬ ነው ያልነገርኩህ።

(ሮድኒ መስኮቱን ያያል። የሊንከን መንገድ ከሩቅ ይታያል፤ መኪኖች ይርመሰመሱበታል።)

ሮድኒ፦ ቆይ፣ አንድ ነገር አልገባኝም።

ቨርን፦ ምኑ?

ሮድኒ፦ ቤትህ ሁን ተብለህ ስታበቃ ለምንድን ነው በየቀኑ እዚህ የምትመጣው?

ቨርን፦ ሚስቴም የምትሠራው ከቤት ነው። የአየር መንገድ ደንበኞች ሲያማርሩ ስልክ የምታነሳው እሷ ናት። ከጠዋት እስከ ማታ ለማታውቀው ሰው ሁሉ ይቅርታ ስትጠይቅ እሰማለሁ። እኔን በሃያ ሁለት ዓመት አንዴ ጠይቃኝ አታውቅም። ያስከፋል።

ሮድኒ፦ እና?

ቨርን፦ እናማ እዚህ ጸጥ ያለ ነው። ሁሉም ግቡ ከተባለ ወዲህ ዝር የሚል ሰው የለም። ሥራዬን እስከ ስድስት ሰዓት እጨርሳለሁ፣ ሳንድዊቼን እበላለሁ፣ መስኮቱ ስር ትንሽ አሸልባለሁ። ከዚህ የተሻለ ቢሮ አላየሁም።

(ሮድኒ ድንገት ቀና ይላል። ፊቱ ላይ የተለመደው መልኩ እየተመለሰ ነው።)

ሮድኒ፦ እንግዲያው ምንም አይደል። አብረን እንውላለና። ስምንት ሰዓት ማለት ብዙ ነው፤ ያላስረዳሁህ ስንት ነገር አለ መሰለህ። ስለ ጡረታ እነግርሃለሁ፣ ስለ ግብር፣ ስለ መኪና ጎማ። በመጀመሪያ ግን አንተ ሰው ሲነግርህ የማይገባህ ለምን እንደሆነ ላስረዳህ። ሦስት ምክንያት አለው...

(ቨርን ኮምፒውተሩን ዘግቶ ቦርሳው ውስጥ ይከታል። ሳንድዊቹንም ይከታል።)

ሮድኒ፦ የት ነው?

ቨርን፦ ቤት። ስምንት ሰዓት አንተን ከምሰማ፣ ሚስቴ ሰው ይቅርታ ስትጠይቅ ብሰማ ይሻለኛል።