የተቀበረ እግር ሲበላ

ሥራውን እንደ ጫማ ደጅ ላይ አውልቆ የማይገባ ሰው የሌለበት ቤተዘመድ የለም። መካኒክ ከሆነ የሙሽሮቹን መኪና ሞተር ሲያዳምጥ ሰርጉ ያልፈዋል፤ አስተማሪ ከሆነ ለቅሶ ቤት የተነበበውን የሕይወት ታሪክ ሰዋስው ያርማል። ሁሉም ግን የአንድ ጡረተኛ ሾፌር ሚስት ከገጠማቸው አማች፣ ከልጃቸው ባል፣ አጠገብ ቢቆሙ መላእክት ናቸው።

አማቻቸው የሚመራመረው በማሳከክና በሳል ላይ ነበር። ቆዳና ጉሮሮ ውስጥ ተዘርግተው የሆነውን ያልሆነውን ለአንጎል የሚያሳብቁ ቀጫጭን ነርቮች አሉ፤ እሱ ዕድሜውን የሰጠው ለእነዚህ ወሬኞች ነው። ከቤተሰብ ሊተዋወቅ በመጣበት ቀን አማቱን ውሃ ትን ብሏቸው ሲያስሉ፣ ሌላው ጀርባቸውን ሲመታ እሱ ጆሮውን አስጠግቶ፣

«እማማ፣ ደረቅ ነው እርጥብ?» አላቸው።

ገበታ ላይ ስለ ማሳከክ ካነሳ ደግሞ አለቀ። መጀመሪያ አክስት አንገታቸውን ያካሉ፣ ከዚያ የሚስቱ ወንድም ጀርባውን ከወንበሩ ጋር ይፈትጋል፣ ወዲያው ቤቱ በሙሉ ቁንጫ የወረረው ይመስላል። እሱ ፈገግ ብሎ፣ «አያችሁ፣ በወሬም ይጋባል» ይላል። አንዳንዴ የሰው ክርን ላይ ዓይኑን ሲተክል፣ የክርኑ ባለቤት ምንም ሳይሰማው እጁ ወደዚያው ይሄዳል። አማት ይህን አይወዱትም። «ከቆዳ ሥር የሚሄደውን የሚያይ ሰው ደህና አይደለም» እያሉ «ሊቀ እከክ» የሚል ማዕረግ ሰጡት።

ኋላ ስኳር በሽታ የሾፌሩን ቀኝ እግር ከጉልበት በታች ወሰደው። ቤተሰቡም እግሩን በጨርቅ ጠቅልሎ በክብር ቀበረ። ቁስሉ ድኖ፣ ሰው ሁሉ ተመስገን ባለ ሰሞን፣ ሽማግሌው ጠራራ ፀሐይ ላይ፣

«ውስጥ እግሬን በላኝ» አሉ።

«የትኛውን?» አሉ ሚስት።

«የተቀበረውን።»

ሚስት ሳቁ። የባላቸውን ፊት ሲያዩ ሳቁ አፋቸው ላይ ደረቀ። ሽማግሌው በጣቶቻቸው መሀል አንድ ነገር ሲሄድ ይሰማቸዋል፤ ይሄዳል፣ ይቆማል፣ እንደገና ይሄዳል። «ጉንዳን ገብቶበታል» አሉ። «አውጡልኝና ሌላ ቦታ ቅበሩት።» እጃቸው አንሶላው ላይ ባዶውን ቦታ ይቧጥጣል፤ ባዶው አልታከክ ሲላቸው የቀረውን ጉልበታቸውን እስኪደማ ያካሉ። እንቅልፍ ከዚያ ቤት ወጣ። ሚስትም ቤት ሲጠርጉ ሳያስቡት ቀኝ እግራቸውን ከወለሉ ጋር ማሸት ጀመሩ። አልጋው ጫፍ ላይ፣ እግሩ ይዘረጋበት የነበረው ቦታ ላይ፣ መቀመጥ ተዉ።

ወንድምየው አካፋ ይዞ በመጣበት ቀን አማችየውም ደረሰ። አማት ስድብ ወይም ሌክቸር ጠበቁ። እሱ ግን ከሽማግሌው አጠገብ ተቀምጦ፣

«አባባ፣ የቱ ጋ ነው?» አለ።

ሽማግሌው ባዶውን አንሶላ በጣታቸው ነኩ። «እዚህ። በአውራ ጣቴና በጎረቤቱ መሀል።»

አማችየው እግሩ እዚያ እንዳለ ሁሉ ቦታውን ረጅም ጊዜ አየ። አማት በዚያች ቅጽበት ፈሩት። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ «እግሩ ተቀብሯል፤ አንጎል ግን መርዶው አልደረሰውም። ነርቮቹ አሁንም እግሩ አለ እያሉ ወሬ ይልኩበታል» አለ። ወደ ወንድምየው ዞረና፣ «ነገ እስክመለስ አትቆፍሩ» ብሎ ወጣ።

በማግስቱ አማት ከገበያ ሲመለሱ ቤቱ ጭር ብሏል። የመኝታ ቤቱን በር ገፉት። ባላቸው አልጋ ላይ ተቀምጠዋል፤ ሁለት እግር አላቸው። የቀኙ ጣቶች ይንቀሳቀሳሉ። ዘንቢሉ ከእጃቸው ወደቀ፣ ሽንኩርቱ ወለሉ ላይ ተንከባለለ።

«እማማ፣ አይናገሩ» አለ አማችየው። ተንበርክኳል። የቁም ሣጥኑን መስታወት ፈትቶ በሽማግሌው ጭኖች መሀል አቁሞታል፤ ሁለተኛው እግር የግራው ምስል ነበር። «አባባ፣ መስታወቱን ብቻ ይዩ።»

የግራውን ጣቶች መሀል ያክክ ጀመር። መስታወቱ ውስጥ፣ አፈር የበላው እግር ይታከካል።

«ወደ ላይ… ትንሽ ወደ ጎን… እዚያ ጋ» አሉ ሽማግሌው። ትንፋሻቸው ረዥም ሆነ፤ ዓይናቸው እንባ ሞላ። «እዚያ ጋ ነው። እግዜር ይስጥህ።» በተቀመጡበት አንቀላፉ።

ማሳከኩ በአንድ ቀን አልጠፋም። አማችየው ከሥራ ሲወጣ እየመጣ፣ ተንበርክኮ ያካል። ከዚያ ማሳከኩ ቀስ በቀስ እየራቀ ሄደ፤ አሁን ሳምንታት አልፈውም አይነሳም። ግን አመሻሽ ላይ አማችየው የውጭውን በር ሲያንኳኳ ሽማግሌው የግራ ካልሲያቸውን ራሳቸው ያወልቃሉ።

«ዛሬም በልቶኛል» ይላሉ።

አማት ውሸቱን ከባላቸው ፊት ላይ ያነቡታል። ራሳቸውም በመስታወቱ ማከኩን ከተማሩ ቆይተዋል፤ ግን ለማንም አልተናገሩም። ውስጡን ላለማየት መስታወቱን በጀርባው አዙረው ያመጣሉ፤ ከዚያ ወንበር ስበው፣

«ደህና አድርገህ እከክላቸው፣ ልጄ» ይሉታል። «እኔ እጄ አይሆንለትም።»